የአምሐ ቀኝ እግር

ወንድሜ አምሐ ሃያ ሦስት ዓመት ታክሲ ነድቷል። ከጀሞ በመካኒሳ አድርጎ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ተመልሶ ጀሞ። በዚያ መስመር የሚመላለስ ሰው ስለ እሱ አንድ ነገር ይነግራችኋል፤ አምሐ ፍሬን ሲይዝ ሰው አይናወጥም። ሠላሳ እንቁላል በፌስታል የያዘች ሴት ከኋላ ወንበር ብትቀመጥ አንዱ ሳይሰነጠቅባት ትወርዳለች። እንዴት እንደሆነ ስጠይቀው «እግሬ ይነግረኛላ!» ይለኝ ነበር። ፍሬኑ ሊያልቅ ሲል፣ ፍሪሲዮኑ ሊንሸራተት ሲል፣ ከመካኒኩ ቀድሞ የሚያውቀው ውስጥ እግሩ ነበር።

እኔ ታናሽ እህቱ ገበያነሽ ነኝ። መካኒሳ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አፌ አያርፍም። ተማሪዎቼ «ሚጥሚጣ» ይሉኛል፤ የማልሰማ መስሏቸው ነው። ርዕሰ መምህሩን በስብሰባ መሀል አስቁሜ የተናገርኩ ሴት ነኝ፤ ረዳት አምስት ብር ቢያስቀርብኝ ታክሲ አስቆማለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በሕይወቴ አንዴ መናገር የነበረብኝ ቀን ዝም ማለቴን ስትሰሙ ዓይን አፋር ናት ብላችሁ እንዳትምሩኝ ነው።

ስለ ስሜት ተቀባይ ሕዋሳት ሳስተምር ምሳሌዬ ሁልጊዜ የአምሐ ታክሲ ነበር። «ስሙ» እላቸዋለሁ ልጆቹን፣ «ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ‹ወራጅ አለ› ይላል። ረዳቱ ይቀበልና ለሹፌሩ ይጮኻል። ሹፌሩ ሰምቶ ፍሬን ይይዛል። ቆዳችሁም እንደዚያ ነው። ለሙቀት፣ ለብርድ፣ ለመነካት፣ ለሕመም የየራሱ ተቀባይ አለው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ተቀባዩ የነካውን ነገር ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጥና ለነርቭ ይሰጠዋል። ነርቩ ወደ ህብለ ሰረሰር፣ ከዚያም ወደ አንጎል ያደርሰዋል። ትኩስ ድስት ስትነኩ እጃችሁን የምትስቡት እኮ አንጎላችሁ እስኪሰማ ጠብቃችሁ አይደለም፤ ህብለ ሰረሰራችሁ ራሱ ቀድሞ ያዛል።» ልጆቹ ይስቃሉ፣ ‹ወራጅ አለ› እየተባባሉ ይረብሹኛል፣ ግን ፈተና ላይ አይሳሳቱም። ይህን ለአምሐ ስነግረው ከልጆቹ ብሶ ሳቀ። «እህቴ በኔ መኪና ነው ሳይንስ የምታስተምረው» እያለ ጋቢና ለተቀመጠ ሁሉ ሲያወራ ከረመ።

ስኳር እንዳለበት የታወቀው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ኪኒኑን አንድ ቀን ይውጣል፣ ሁለት ቀን ይረሳል። ሹፌር ምሳውን የት እንደሚበላ፣ ምን እንደሚበላ ታውቃላችሁ። እየቆየ ሁለቱንም እግሩን ያቃጥለው ጀመር፤ ቀኙ ይብስ ነበር። «እሳት ውስጥ የከተትኩት ነው የሚመስለኝ» ይላል። ባለቤቱ ሶሬቲ ቀዝቃዛ ውሃ በሳፋ ታቀርብለታለች፤ እዚያ ነክሮ እንቅልፍ አጥቶ ያነጋል። የሚኖሩት ሀና ማርያም፣ የሶሬቲ አባት ጋሽ በንቲ ድሮ ጤፍ ያርሱበት ከነበረው መሬት በተረፈችው ቁራሽ ላይ ነው። አንድ ቀን ላያቸው ስሄድ፣ እግሩን ሳፋው ውስጥ እንደከተተ እንባው ይወርዳል። «ገቤ፣ ይህን እግር ቆርጦ የሚጥልልኝ ባገኝ!» አለኝ። አባታችን ሲሞት እንኳ ያላለቀሰ ሰው ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ጸሎት ያዘለት። ይጾምለታል፣ ይጸለይለታል። ከዚያ በጥር ወር አንድ እሑድ አምሐ ለምስክርነት መድረክ ላይ ወጣ። በኛ ዘንድ ጌታ ያደረገለትን ሰው ተነሥቶ ለጉባኤው ይናገራል፤ ካልተናገረ ውለታ ቢስ ነው። ማይኩን ይዞ «ዛሬ ዘጠኝ ቀኔ ነው» አለ። «ቃጠሎ የለም። መርፌ መርፌ የሚለኝ የለም። ሌሊቱን እንደ ሕፃን እተኛለሁ!» ቀኝ ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አወለቀ፣ የመድረኩን ጣውላ በባዶ እግሩ ድው ድው አደረገው። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሶሬቲ ተንበርክካ ታለቅሳለች። ፓስተራችን ማይኩን ሲቀበለው «ወንድሜ፣ መድኃኒትህን ግን ሐኪምህ ሳያይህ እንዳታቆም» ብሎታል፤ ሐሰት አልናገርም፣ እኔ ሰምቼዋለሁ። እልልታው ዋጠው እንጂ።

እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። አምሐ ጣውላውን ሲመታ ፊቱን አየሁ። ስኳር ነርቭ ይገድላል። የሚጀምረው ከረጃጅሞቹ ነው፤ ከሁሉም ረጅሙ ደግሞ እስከ እግር ጣት የሚወርደው ነው። ሲሞት መጀመሪያ ይጮኻል፣ ያቃጥላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ሰው እንደዚያ ጣውላ ሲረግጥ ትንሽ እንኳ ፊቱ ይጨማደዳል፤ የወንድሜ ፊት ግን ምንም አልነበረበትም። እጄን አነሣሁና «ሃሌሉያ!» አልኩ። ከጎኔ ያሉት ዘወር ብለው እስኪያዩኝ ድረስ ጮኼ ነው ያልኩት።

ኪኒኑን በማግስቱ ጣለው። «ተፈውሻለሁ ብዬ መስክሬ ኪኒን ብውጥ በሁለት ቢላ መብላት አይሆንብኝም?» አለ። ማንም ጣል አላለውም፤ ራሱ ነው።

ሁለት ሳምንት እንደሆነው ያንኑ ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። የአምሐ ልጅ ያኤል እዚያው ክፍል ናት። እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ረዳቱ ቢሞትስ?»

«ሹፌሩ ምን ያውቃል?» አልኳት። «ወራጅ የለም፣ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ይነዳል።»

ክፍሉ ሳቀ። ያኤል አልሳቀችም። ደወል ሲደወል በር ላይ ጠብቃኝ፣ «አክስቴ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ ትናንት ጠዋት ሚስማር ረግጦ ነበር። ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ነው ያየው።»

ቅዳሜ ቤቱ ሄድኩ። ሶሬቲ ገበያ ወጥታለች። «ና እግርህን ስጠኝ» አልኩት። «ዓይንህን ጨፍን። ስነካህ ‹እሺ› በለኝ።» እየሳቀ ጋደም አለ። ከቦርሳዬ የፈተና ማረሚያ እስክሪብቶዬን አወጣሁና ተረከዙን ነካሁት። ዝም። መሀሉን። ዝም። ከጣቶቹ ሥር ጫን አድርጌ። ዝም። አውራ ጣቱን ሁለት ጊዜ። የመንደሩ ውሻ ይጮኻል።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ ዓይኑን እንደጨፈነ። «ጀምሪ እንጂ!»

«ጨርሻለሁ» አልኩት።

ተነሥቶ እግሩን ወደ ራሱ አጠፈና አየ። አምስት ቀይ ነጥብ። በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው። ከዚያ «ቆዳዬ ደንድኖ ነው፤ የሹፌር እግር ነው» አለ።

«ጋሼ፣ አልዳንክም» አልኩት። «ነርቩ ሞቶ ነው። አሁን ሚስማር ቢወጋህ፣ እሳት ቢነካህ የሚነግርህ የለም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ተነሥ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

እጄን ያዘኝ። «ስሚኝ ገቤ። በኔ ምስክርነት የዚያን ቀን ስድስት ሰው ተነሥቶ ጌታን ተቀብሏል። አንዷ ልጇ አልጋ ላይ የዋለባት እናት ናት። በየሳምንቱ መጥታ እጄን ይዛ ‹ላንተ ያደረገ ለኔም ያደርጋል› ትለኛለች። አሁን ወጥቼ ምን ልበላት? ‹ተሳስቼ ነው፣ እግሬ ሞቶ ነው› ልበላት?»

«ለሶሬቲ እንኳ ልንገራት።»

«እንዳትነግሪያት! ቃል ግቢልኝ። ከፋሲካ በኋላ ራሴ እሄዳለሁ።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለ ሰው ነበር፤ ዓይኑ ላይ አየሁት። ጎትቼው መሄድ ነበረብኝ። ጮኼ ጎረቤት መሰብሰብ ነበረብኝ፤ ለአምስት ብር የምጮኽ ሴት! ግን እኔም የዚያችን ሴት ፊት አስቤ ፈራሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጮኼ ሃሌሉያ ያልኩትን የራሴን ድምፅም አስቤ አፈርኩ። «እሺ» አልኩት። ወደ ቤቴ ስሄድ እንዲያውም ጥሩ እህት የሆንኩ መሰለኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ የኔ ነቅዟል።

አሁን የምነግራችሁን አምሐ ራሱ ነው በኋላ የነገረኝ።

ጫማ እንዳደረገ ፔዳሉ አልታወቅ አለው። ፍሬን ይዣለሁ ብሎ ነዳጅ ላይ ይገኛል፤ ነዳጅ እየረገጠ መሆኑን የሚያውቀው በሞተሩ ድምፅ ነው። ተሳፋሪ ይናወጥ ጀመር። «ኧረ ሹፌር፣ ቀስ!» ተባለ፤ አምሐ በሕይወቱ ተብሎ የማያውቀውን። ስለዚህ ዘዴ አገኘሁ ብሎ የቀኝ ጫማውን እያወለቀ በባዶ እግሩ ይነዳ ጀመር። ብዙ ሹፌር ያደርገዋል፤ ብረቱን በቆዳቸው ሲረግጡት የተሻለ ይታወቃቸዋል። እሱ ግን የሚያውቅ ቆዳ እንደሌለው ረሳ። ወይም ላለማመን ነው፣ እኔ እንጃ።

የነዚያ አሮጌ ሚኒባሶች ሞተር ያለው ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር ነው። ወለሉ ይግላል፤ የጎማ ምንጣፉ ካለ ችግር የለውም። የአምሐ ምንጣፍ ተረከዙ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ተበልቶ ብረቱ ወጥቷል። ድሮ ሲግልበት እግሩን ያነሣ ነበር፤ ሳያስበው፣ ወሬውን ሳያቋርጥ።

በዐቢይ ጾም አንድ ከሰዓት በኋላ የጀሞ መንገድ ተዘጋ። መንገዱ ተቆፍሯል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ እየሠራ አንድ ሰዓት ከምናምን ቆሙ። ጋቢና የተቀመጠች ነጠላ የለበሰች ሴት አፍንጫዋን አሸት አሸት አድርጋ፣ «ሹፌር፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አለችው።

«ፍሪሲዮን ነው እህቴ፣ አይዞሽ» አላት።

ትንሽ ቆይታ፣ «ኧረ አይደለም! ምን ጉድ ነው፣ በጾም ምድር ጥብስ ጥብስ ሸተተኝ እኮ!» አለች።

መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። «ስድስተኛ ሳምንት ሲሆን እንደዚያ ያደርጋል» አላት አንዱ ከኋላ። አምሐም ሳቀ። «አታስጎምጂን በይ!» አላት። በዚያ ሰዓት የራሱ ተረከዝ ብረቱ ላይ ነበር።

ጀሞ ደርሶ፣ ሰው አውርዶ፣ ጫማውን ሊያደርግ ጎንበስ ሲል አየው። የተረከዙ ቆዳ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። «አላመመኝም ገቤ» አለኝ ይህን ሲነግረኝ። «ዓይኔ እያየው አላመመኝም። የሌላ ሰው እግር የማይ ነው የመሰለኝ። ሚስማሩን ሳይ አልፈራሁም፣ የእስክሪብቶሽን ነጥብ ሳይም ቻልኩት። ያን ጊዜ ግን እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ሽንቴ አመለጠኝ።»

ታዲያ ሐኪም ቤት ሄደ? አልሄደም። ፋሻና ቅባት ገዝቶ አሠረው፣ ሁለት ካልሲ ደረበበት። ለሶሬቲ ፈንገስ ነው አላት። ሐኪም ቤት ቢሄድ ስኳሩ ይለካል፣ ስኳሩ ከተለካ ይወራል፣ ከተወራ ምስክርነቱ ይፈርሳል። ከፋሲካ በኋላ ብሏላ! አሥራ ስድስት ቀን በዚያ እግር ታክሲ ነዳ።

የፋሲካ ዕለት ዶሮ ልበላ ሄድኩ። በሩን ገፋ ሳደርግ ሽታው ፊቴን መታኝ። የሞተ አይጥ ሽታ ነው፤ ጣፋጭ ነገር የተቀላቀለበት። «ሶሬቲ፣ ምንድነው የሚሸተው?» አልኳት ገና ሳልቀመጥ።

«ምን ይሸታል?» አለች ግራ ገብቷት። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «በበዓል ምድር ቤትሽ ይሸታል ልትዪኝ ነው የመጣሽው?»

እውነቷን ነው፤ አይሸታትም ነበር። አፍንጫም ይሰለቻል። የሽታ ተቀባዮቻችን አንድ ሽታ በየቀኑ እየሰሙ ከቆዩ መናገራቸውን ይተዋሉ። አብራው የምትተኛው ሚስቱ ቀስ በቀስ ለመደችው፣ ከውጭ የመጣሁት እኔ በሩ ላይ ሰማሁት። ይህንንም አስተምራለሁ፤ ገጹን እንኳ አውቀዋለሁ።

አምሐ ሶፋው ላይ ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ሄጄ ካልሲውን ስቤ አወለቅኩት። እሱም አልከለከለኝም። ፋሻው ሲፈታ ሶሬቲ የያዘችው ጎድጓዳ ሳህን ከእጇ ወደቀ። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቁሯል። ከዚያ በላይ ቀይ መስመር ወደ ባቱ ይወጣል። ያኤል ከኋላዬ መጥታ ነበር፤ ወጥታ ግቢ ውስጥ ስታስመልስ ሰማኋት።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘነው ሐኪም ወጣት ነው፤ የደከመው ይመስላል። እግሩን አየ። «ከጉልበት በታች» አለ። «ዛሬውኑ። ካደረ መርዙ ወደ ደሙ ይገባል።» ከዚያ ወረቀቱ ላይ እየጻፈ፣ «መደንዘዝ የጀመረው መቼ ነው?» አለን።

«አልደነዘዘም» አለች ሶሬቲ። «ድኖ ነበር። ከጥር ጀምሮ ድኖ ነበር፣ አንዲት ሕመም አልነበረውም።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። «ከጥር ጀምሮ ደንዝዟል» አልኩት። «በእስክሪብቶ ሞክሬዋለሁ። አውቅ ነበር።»

ሶሬቲ ወደ እኔ ዞረች። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትመታኝም ደስ ባለኝ። «አንቺ ታውቂ ነበር?» አለች ብቻ። «አስተማሪዋ!» ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችልኝም። ስገባ ትወጣለች፣ ስወጣ ትገባለች። አልቀየማትም። ከቤተ ክርስቲያን እየመጡ ጠይቀውታል፤ ፓስተሩ አልጋው አጠገብ ቆሞ አልቅሷል። ያቺ እናትም መጥታ ነበር። በር ላይ ቆማ ብርድ ልብሱ የጎደለበትን ቦታ አየችና ሳትገባ ተመለሰች።

እግሩ በተቆረጠ በአምስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሄድኩ። ሶሬቲ ፔርሙሷን አንሥታ ወጣች። አምሐ ግንባሩን አልቦታል፣ አንሶላውን በሁለት እጁ ጨብጧል።

«ገቤ፣ ነርሷን ልጠራት አፈርኩ» አለኝ። «እብድ ትለኛለች። እግሬን ያቃጥለኛል።»

«ግራውን?»

«ቀኙን። ያ የድሮው ቃጠሎ። ተመለሰ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እንዳልዋሸው ለራሴ ምዬ ነበርና እንዳለ ነገርኩት። ነርቩ ሲቆረጥ የተቆረጠው ጫፍ ላይኛው እግሩ ውስጥ እንዳለ፣ እንደሚጮኽ፣ አንጎሉም እግሩን ከቦታው ገና እንዳልሰረዘው፤ ብዙ ሰው ላይ እንደሚደርስ፣ ለነርሷም እንደምነግራት፣ መድኃኒት እንዳለው፣ ሁልጊዜ ግን እንደማይሠራ።

«ታዲያ ሕመሙ የውሸት ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ሕመሙ እውነት ነው።»

ጣሪያውን አየ። ከዚያ፣ «መድረክ ላይ ጣውላውን ስመታ አውቀሽ ነበር አይደል? ከእስክሪብቶው በፊት» አለኝ።

«አዎ።»

«ሃሌሉያ ያልሽው ድምፅሽን ለይቼዋለሁ። ከሁሉ በላይ የጮኽሽው አንቺ ነበርሽ። እኔም ትንሽ ጥርጣሬ ነበረችኝ ገቤ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ያንቺን ድምፅ ስሰማ፣ እሷ የተማረች ናት፣ ካመነችማ ድኛለሁ ብዬ ነው የተውኩት።»

ጭንቅላቴን አቀርቅሬ የአንሶላውን ጠርዝ ስነካካ ቆየሁ። ይቅርታ አድርግልኝ ልለው ስል ሕመሙ መጣበትና ጥርሱን ነከሰ።

«አውራ ጣቴን» አለ። «ይበላኛል፣ ያቃጥለኛል። ባክሽ እከኪልኝ።»

ተነሥቼ በአልጋው ግርጌ ዞርኩ። ብርድ ልብሱ ከጉልበቱ በታች ለጥ ብሏል። አውራ ጣቱ ይኖርበት የነበረውን ቦታ በዓይኔ ፈልጌ ፍራሹን በጥፍሬ ማከክ ጀመርኩ።

«ትንሽ ወደ ግራ» አለኝ።